ስለ ፋርማሲ ትምህርት ለወላጆች የተጻፈ ምክር

ልጅን አስተምሮ ማሳደግ ለወላጆች የሚገባ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ልጁ የመረጠውን ትምህርት ዋጋ ሳያውቁ ማመስገንም መንቀፍም አይገባም። በዘመናችን ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ልጆች አንዳንዶቹ ፋርማሲ መማር እንወዳለን ብለው የተናገሩ እንደ ሆነ፤ ብዙ ወላጆች ደስ አይላቸውም። ሐኪም ቢሆንልኝ በወደድሁ ነበር፤ መድኃኒት ቤት ቆሞ ክኒን ለመሸጥ ይህን ያህል ዓመት መማር ለምን ያስፈልጋል? ይላሉ። ይህ ንግግር ሁለት ጕዳት አለበት። አንደኛው፤ ለሞያው የሚስማማውን ልጅ ከሞያው ያስቀራል። ሁለተኛው ግን ከዚህ ይብሳል፤ መድኃኒቱን በእጃችን የሚሰጠንን ሰው እንደ ባለ ሱቅ ብቻ እንድንቈጥረውና የሚነግረንን ቃል ሳንሰማ ከረጢቱን ይዘን እንድንወጣ ያደርገናል። ይህም አንዳንድ ጊዜ ነፍስ እስከ ማጥፋት ይደርሳል።

ስለዚህ ዛሬ የፋርማሲ ተማሪ በመጀመሪያ ምን እንደሚማር፤ ትምህርቱም ለቤታችን ምን እንደሚጠቅም በአጭሩ ልንገልጽ አስበናል። በጽሑፋችን የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ያስታውስልን።

ነገሩን ከስሙ እንጀምር። ፋርማሲ የሚለው ቃል ፋርማኮን ከሚለው ከግሪክ ቃል የወጣ ነው፤ ፋርማኮንም ባንድ ፊት መድኃኒት፤ ባንድ ፊት መርዝ ማለት ነው። በግእዝም ሥራይ የሚለው ቃል እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። የቀድሞ ሊቃውንት ሐኪሙን ዐቃቤ ሥራይ ብለው ጠሩት፤ የመድኃኒት ጠባቂ ማለት ነው፤ መሠርይ የምንለው ስም ደግሞ ከዚያው ከሥራይ ዘመዶች አንዱ ነው። አማርኛችንም ቢሆን ከዚህ የተለየ አይደለም። የሳል መድኃኒት እንላለን፤ የዐይጥ መድኃኒትም እንላለን፤ አንዱ ሊያድን ሌላው ሊገድል የተሠራ ሲሆን ስማቸው አንድ ነው። ሦስቱ ቋንቋዎች ተማክረው ያደረጉት አይደለም፤ ነገሩ በእውነት እንዲሁ ስለ ሆነ ነው እንጂ። በ16ኛው መቶ ዓመት የነበረው የስዊስ ተወላጅ ሐኪም ፓራሴልሰስ፤ መርዝነት የሌለው ነገር እንደሌለ፤ መድኃኒትን ከመርዝ የሚለየውም ልኩ ብቻ እንደ ሆነ ጽፎ አስተማረ። የፋርማሲ ትምህርት መጀመሪያውም መጨረሻውም ይህ ልክ የሚባለው ነገር ነው።

ለዚህ ምስክር ከሩቅ አገር መፈለግ አያስፈልገንም፤ ኮሶ ይበቃናል። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገራችን የኮሶ ትልን ለማስወጣት አባቶቻችን የኮሶን አበባ ወቅጠው በውኃ እየበጠበጡ ሲጠጡ ኖረዋል። መድኃኒቱም እውነተኛ ስለ ሆነ በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ አውሮፓ ተወስዶ በእንግሊዝ የመድኃኒት መዝገብ ውስጥ ተጽፎ ነበር። ነገር ግን የሚለካው በእጅና በዐይን ነበር። የአንዱ ሰው እፍኝ ከሌላው ይበልጣል፤ አበባውም እንደ ተለቀመበት ጊዜና እንደ አደራረቁ ኀይሉ ይለያያል። ስለዚህ ትናንት ያዳነው እፍኝ ዛሬ በሌላ ሰው ላይ ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል፤ ከልክ ባለፈ ጊዜም የዐይን ብርሃን እስከ ማጥፋት መድረሱን ሐኪሞች መርምረው ጽፈዋል። ጥፋቱ የዛፉ አይደለም፤ የሚጠጣው ሰው በዚያ ዋንጫ ውስጥ ምን ያህል መድኃኒት እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው ነው።

ይህን ችግር ለማስወገድ የተነሣው ጥበብ ነው የመድኃኒት ሳይንስ የሚባለው። በጀርመን አገር በመድኃኒት ቤት ይሠራ የነበረው ሰርቱርነር የሚባል ወጣት በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከኦፒየም ውስጥ ሕመምን የሚያስታግሠውን ሞርፊንን ለይቶ አወጣ። በ1820 ደግሞ ፔልቲየርና ካቫንቱ የሚባሉ ሁለት የፈረንሳይ አገር መድኃኒት ቀማሚዎች በፓሪስ ከተማ ከሲንኮና ዛፍ ልጥ ኪኒንን አወጡ። ከዚያ በፊት የወባ በሽተኛ የልጡን ዱቄት ይጠጣ ነበር፤ አንዱ ልጥ ብርቱ ሌላው ደካማ ስለ ሆነም መዳንና አለመዳኑ እንደ ዕድሉ ነበር። ኪኒን ለብቻው ከወጣ በኋላ ግን መድኃኒቱ በሚዛን ተመዝኖ ለዛሬም ለነገም አንድ ልክ ሆነ። አስተውሉ፤ ይህን ያደረጉት ሰዎች በሽተኛ የሚመረምሩ ሐኪሞች አይደሉም፤ በመድኃኒት ቤት ሙቀጫና ሚዛን ይዘው የሚውሉ ቀማሚዎች ናቸው።

ዛሬ የፋርማሲ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኬሚስትሪንና የሰውን አካል አሠራር ከተማረ በኋላ፤ መድኃኒት እንዴት ክኒን፤ ሽሮፕ፤ ቅባት ወይም መርፌ እንደሚሆን ይማራል። ባላወቀ ሰው ዐይን ክኒን ማለት የተጠቀጠቀ ዱቄት ነው። ነገር ግን 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ያለበት ክኒን ከመድኃኒቱ ሌላ ዱቄቱን የሚያያይዝ፤ በሆድ ውስጥ ቶሎ እንዲፈርስ የሚያደርግ፤ ከመሣሪያው ላይ እንዳይጣበቅ የሚከለክል ነገርም አለበት። አንዳንዱ ክኒን በጨጓራ ውስጥ እንዳይሟሟ ልባስ ይደረግለታል። አንዳንዱም መድኃኒቱን ባንድ ጊዜ ሳይለቅ ቀስ በቀስ 12 ወይም 24 ሰዓት እንዲያዳርስ ሆኖ ይሠራል። በየቤታችን ግን ሽማግሌው መዋጥ ሲቸግራቸው ክኒኑን ወቅጦ በማር መስጠት እንደ ደግነት ይቈጠራል። ቀስ ብሎ እንዲወጣ የተሠራው ክኒን የተወቀጠ እንደ ሆነ የቀኑ ድርሻ ሁሉ ባንድ ጊዜ በደም ውስጥ ይፈስሳል፤ የልብ ወይም የደም ግፊት መድኃኒት ከሆነም አደጋው ታላቅ ነው። ስለዚህ ክኒን ከመሰበሩና ከመወቀጡ በፊት ፋርማሲስቱን መጠየቅ ይገባል።

ከዚህ ቀጥሎ ተማሪው መድኃኒት በሰው አካል ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ ያጠናል። የተዋጠው መድኃኒት ከአንጀት ወደ ደም ይገባል፤ በደም ተሸክሞ ወደየአካሉ ይደርሳል፤ ጉበት ይለውጠዋል፤ ኵላሊትም ያስወጣዋል። በደም ውስጥ ካለው መድኃኒት ግማሹ የሚጠፋበት ጊዜ ለእያንዳንዱ መድኃኒት የተለየ ነው። የፓራሲታሞል ግማሹ ጤነኛ በሆነ ጐልማሳ ሰው ከ2 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጠፋል፤ ክሎሮኪን ግን በአካል ውስጥ ለብዙ ሳምንት ይቈያል። በየ4፤ በየ8 ወይም በየ24 ሰዓቱ ይወሰድ ተብሎ የሚታዘዘው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ሐኪሙ እንደ ወደደ የጻፈው አይደለም። በየ8 ሰዓቱ የተባለውን መድኃኒት ብዙዎቻችን ቁርስ፤ ምሳና እራት ላይ ወስደን ሌሊቱን ባዶ እንተወዋለን። ልኩ ግን ጧት በ12 ሰዓት የወሰደ ሰው ከቀኑ በ8 ሰዓት፤ ሁለተኛም ከምሽቱ በ4 ሰዓት ሊወስድ ነው። ጾም የያዘ ሰውም ሰዓቱን በገዛ እጁ ከመለወጡ በፊት ቢያማክር፤ ሌላ ሰዓት የሚስማማው መድኃኒት ሊገኝለት ይችላል።

የሚበላውና የሚጠጣውም ነገር ከዚሁ ትምህርት ይቈጠራል። ቴትራሳይክሊን የሚባለው መድኃኒት ከወተት ጋራ ሲወሰድ በወተቱ ውስጥ ያለው ካልሲየም ይይዘውና ወደ ደም ሳይገባ ይቀራል። ለበሽተኛ ወተት መስጠት ቸርነት ነው፤ ነገር ግን ይህ ቸርነት የመድኃኒቱን ኀይል ያጠፋዋል። እንዲህ ያለውን ነገር እናት በገዛ አእምሮዋ ልታውቀው አትችልም፤ የሚያውቅላት ሰው መድኃኒቱን ሲሰጥ ሊነግራት ይገባዋል እንጂ።

አሁን ወደ ስሌቱ እንምጣ፤ በየቤቱ ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚገባው በዚህ ነውና። ትኵሳት ለያዘው ሕፃን የፓራሲታሞል ልክ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ባንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው። 12 ኪሎ የሚመዝን ልጅ እንግዲህ ባንድ ጊዜ የሚገባው ከ120 እስከ 180 ሚሊ ግራም ነው። ሽሮፑ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም የያዘ ከሆነ ልኩ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሊትር ተኩል ነው ማለት ነው። ሐኪሙ አንድ ማንኪያ ብሎ ቢናገርና ሞግዚቲቱ የሾርባ ማንኪያ ብታነሣ፤ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሚይዝ ልጁ 360 ሚሊ ግራም ይጠጣል፤ ይኸውም ከከፍተኛው ልክ እጥፍ ነው። ይህ በቀን አራት ጊዜ ለጥቂት ቀን ቢደጋገም የልጁን ጉበት ሊያቃጥለው ይችላል። ጕዳቱም በዚያው ሰዓት አይታይም፤ አንድ ሁለት ቀን ካለፈ በኋላ ነው የሚገለጠው። ከዚህም ሌላ በ5 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊ ግራም የያዘ ሽሮፕ በገበያ አለ፤ ጠርሙሱ ጠርሙሱን ይመስላል፤ ጣዕሙም ይመሳሰላል። ልዩነቱን የሚናገረው በወረቀቱ ላይ ያለው ቍጥር ብቻ ነው። በዚያ ቤት የተሳሳተ ክፉ ሰው የለም፤ ሁሉም ልጁን የሚወዱ ናቸው፤ የጐደለው ልክ ነው።

የቍጥር ነገር ከተነሣ፤ እኛ በፍርድ ቤት ጽሕፈት የምንኖር ሰዎች አንዲት ፊደል ብትዛነፍ ርስት ከአንዱ ወደ ሌላው እንደምትዞር እናውቃለንና፤ የፋርማሲ ተማሪዎች የሚማሩት አንድ ሥርዐት እጅግ ደስ አሰኝቶናል። 5 ሚሊ ግራም ሲጻፍ 5.0 ተብሎ አይጻፍም፤ ነጥቡ ደብዝዞ እንደ ሆነ 50 ተብሎ ይነበባልና። ግማሽ ሚሊ ግራም ሲጻፍም .5 ሳይሆን 0.5 ተብሎ ይጻፋል፤ ነጥቡ ቢጠፋ 5 እንዳይሆን ነው። በፍርድ ቤት የተሳሳተ ጽሕፈት በይግባኝ ይታረማል፤ በመድኃኒት የተሳሳተ ጽሕፈት ግን ብዙ ጊዜ ይግባኝ የለውም።

የትምህርቱ ሁለተኛ ክፍል የፋርማሲ አገልግሎት ይባላል። ይህም ማዘዣን መርምሮ ማንበብ፤ መድኃኒቱ ለዚያ ሰው፤ ለዕድሜው፤ ለክብደቱ፤ ለኵላሊቱ የሚስማማ መሆኑን ማየት፤ ቀድሞ ከሚወስደው መድኃኒት ጋራ እንዳይጣላ ማመዛዘን፤ ስሕተት የተገኘ እንደ ሆነም ለሐኪሙ መልሶ መጠየቅ ነው። ፋርማሲስቱ ለሐኪሙ አገልጋይ አይደለም፤ ሁለተኛ ዐይን ነው እንጂ። ይህ ሥርዐት አዲስ አይደለም። በ13ኛው መቶ ዓመት የሲሲሊያን መንግሥት ይገዛ የነበረው ንጉሠ ነገሥት ፍሬዴሪክ 2ኛ፤ ሐኪም የመድኃኒት ቤት እንዳይኖረው፤ ከቀማሚም ጋራ ሽርክና እንዳይገባ በሕግ ከለከለ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ መድኃኒት የሚያዝዘው ሰው ከሽያጩ የሚያተርፍ ከሆነ ለማያስፈልገው ሰው ማዘዙ አይቀርምና። ዳኛና ተሟጋች አንድ ሰው እንዳይሆኑ እንደምንከለክል ማለት ነው።

የጥበቃው ሥራ በመድኃኒት ቤት ብቻ የሚቀር እንዳይመስላችሁ፤ ከፋብሪካው ይጀምራል። በ1937 በአሜሪካ አገር ሰልፋኒላማይድ የሚባለውን መልካም መድኃኒት አንድ ኩባንያ ሽሮፕ ሊያደርገው ወድዶ ዳይኤትሊን ግላይኮል በሚባል ጣፋጭ ፈሳሽ አሟሟው። መልኩና ጣዕሙ ተመርምሮ ነበር፤ መርዝ መሆን አለመሆኑን ግን የመረመረ የለም፤ የዚያን ጊዜው ሕግም አላስገደደም። ፈሳሹ ኵላሊትን የሚያጠፋ ስለ ሆነ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ሕፃናት ነበሩ። በሚመጣው ዓመት በ1938 የአሜሪካ መንግሥት ማንኛውም አዲስ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ጕዳት አለማምጣቱ እንዲረጋገጥ የሚያዝ ሕግ አወጣ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር አይደገምም ብለን እንዳንታለል፤ በ2022 በአፍሪካችን በጋምቢያ ከ60 በላይ ሕፃናት ኵላሊታቸው ሥራውን አቁሞ ሞቱ። ከውጭ አገር የመጣ የሳልና የጕንፋን ሽሮፕ ሲመረመር ያው ዳይኤትሊን ግላይኮልና የእርሱ ዘመድ የሆነው ኤትሊን ግላይኮል ተገኘበት፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ለአገሮች ሁሉ ማስጠንቀቂያ ላከ። 85 ዓመት ሙሉ የታወቀ መርዝ፤ መመርመሪያውም የታወቀ ሲሆን፤ ሕፃናቱን ገደለ። የፋርማሲ ተማሪ በቤተ ሙከራ ውስጥ፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ስም ሳያምን በውስጡ ያለውን ነገር ራሱን መርምሮ ማረጋገጥ የሚማረው ስለዚህ ነው። እናቶቹ በመልካም አሳብ የሰጡትን ማንኪያ ያ ምርመራ ባዳነላቸው ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ፤ በአዲስ አበባ ከቀደሙት ዘመናውያን መድኃኒት ቤቶች አንዱን ዶክተር ሜራብ የሚባሉ የጆርጂያ ተወላጅ ሐኪም በ1910 ከፍተው ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ቀማሚዎቹ ከውጭ አገር የመጡ ወይም በውጭ አገር የተማሩ ነበሩ። በ1961 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ክፍል ተመሠረተ። በ1964 ደግሞ የፋርማሲ ደንብ ቍጥር 288 ወጥቶ ሥራው በሕግ ተጠበቀ። ዛሬ ትምህርቱ በጎንደር፤ በጅማ፤ በመቀሌና በሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል፤ የመድኃኒትን ጥራት የሚቈጣጠረውም የኢትዮጵያ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ትምህርቱን የፈጸመ ሰው የግድ መድኃኒት ቤት ይቆማል ማለት አይደለም። በሆስፒታል ከሐኪሞች ጋራ በሽተኛ የሚጐበኝ አለ፤ በፋብሪካ የሚሠራ፤ በተቈጣጣሪነት የሚያገለግል፤ የአገራችንን ዕፀዋት የሚመረምርም አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዐድዋ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፤ ያ ተክል ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ የሚገድል መሆኑን በምርምር ገለጡ። ያየውን ነገር በልክ መዝኖ ለዓለም ማስረዳት የሚችል የተማረ ሰው ሲገኝ፤ በደጃችን የበቀለው ቅጠል ምስክር ያገኛል።

እንግዲህ ለየቤቱ የሚጠቅመውን ምክር በአጭሩ ጽፈን እንፈጽማለን።

አንደኛ፤ የሕፃን መድኃኒት በቤት ማንኪያ አይለካ፤ ከጠርሙሱ ጋራ በሚመጣው መለኪያ ወይም መርፌ በሌለው ስሪንጅ ይለካ። መለኪያ ከሌለው ከመድኃኒት ቤቱ ይጠየቅ።

ሁለተኛ፤ መድኃኒት ለመግዛት የሚላከው ሰው የበሽተኛውን ዕድሜ፤ የሕፃን ከሆነም ክብደቱን፤ ሌላም የሚወስደው መድኃኒት እንዳለ ስሙን በወረቀት ይዞ ይሂድ። እርጉዝ ወይም የምታጠባ ሴት ከሆነች ይህ ሳይነገር አይቅር።

ሦስተኛ፤ ፓራሲታሞል በብዙ የጕንፋን መድኃኒቶች ውስጥ በልዩ ልዩ የንግድ ስም ይገኛል፤ ስለዚህ ሁለት ዐይነት መድኃኒት ባንድነት ከመውሰድ በፊት በውስጣቸው ያለው አንድ እንዳይሆን ይታይ። ጤነኛ የሆነ ጐልማሳ ሰው ቢሆንም በአንድ ቀንና ሌሊት ከ4 ግራም አይለፍ።

አራተኛ፤ ለአንዱ የታዘዘውን መድኃኒት ለጎረቤት ማካፈል በጎ ሥራ አይደለም። ጠላና እንጀራ ይካፈሏል፤ መድኃኒት ግን ለባለቤቱ ብቻ ነው። የተረፈውና ጊዜው ያለፈበትም በመሳቢያ ተከማችቶ ልጆች እንዳያገኙት ወደ መድኃኒት ቤት ተመልሶ አወጋገዱ ይጠየቅ።

አምስተኛ፤ ፋርማሲስቱ ሲናገር ቆሞ ማዳመጥ ይገባል፤ ያልገባ ነገር ካለም ዳግመኛ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሳይናገር ከረጢቱን የሚሰጥ ካለ፤ እንዴትና መቼ እንደሚወሰድ ንገረኝ ማለት የገዢው መብት ነው።

ልጃቸው ፋርማሲ ልማር ብሎ የጠየቃቸው ወላጆች ደግሞ የልጁን ጠባይ ይመርምሩ። ሥራውን ሳይቸኵል የሚሠራ፤ ቍጥር የማይሰለቸው፤ የተጻፈውን ሁለት ጊዜ የሚያነብ፤ የማያውቀውን አውቃለሁ የማይል ልጅ ከሆነ፤ ይህ ሞያ የእርሱ ነው፤ ሳይከፉ መርቀው ይስደዱት። ችኩልና ገንዘብ ብቻ የሚያስብ ከሆነ ግን በሌላ ሥራ ቢሰማራ ለእርሱም ለሰውም ይሻላል። ሊቃውንቱ ጠባቂ ብለው የጠሩትን ስም የሚሸከም ሰው፤ በሩን በሚዛን እንጂ በግምት የማይከፍት መሆን አለበትና።